የቡጢዬ እጅጌ

ጠጋ በሉማ ልጆቼ፣ በሩ ላይ አትቁሙ። የምነግራችሁ ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ነው። ሴት ልጇን ቀብራ ፍራሽ ላይ ከተቀመጠች ወዲህ ጆሮዋ አላረፈም።

«ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ይላታል የመጣው ሁሉ፣ ሻዩን ፉት እያለ። አንዷ ጎረቤት ደግሞ፣ አንድ ቀን እንኳ ላልሞላት ሕፃን ይህን ያህል መቀመጥ ምን ይባላል ብላ ስታንሾካሹክ ሰማቻት። ከሁሉ የባሱት የባሏ አክስት ናቸው። ቤተሰቡ በሌሉበት «ሬዲዮ» ይላቸዋል፤ ማጥፊያቸው የት እንዳለ የሚያውቅ የለማ። ልጅቷን የጎዳት ያ የሐኪም ቤት መሣሪያ ነው ይላሉ፤ ሳይወለድ ሆድ ውስጥ ገብቶ ማየት ምን የሚሉት ጥድፊያ ነው?

ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነከሰች። ስንቱን ታስረዳ!

አልትራሳውንዱ ምን አጠፋ? ያየውን አሳየ። ሐኪሟ ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዷ ላይ እያሻሸች ስታጫውታት ቆይታ ድንገት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። የሕፃኗ ልብ ላይ ቀዳዳ አየች። ቀጥላ እጇን አየች፤ ጣት በጣት ላይ ተደራርቦ የተጨበጠ፣ ቢጠብቁት ቢጠብቁት የማይዘረጋ። የእንሽርት ውሃው ተመርምሮ ስጋቱ እውነት ሆነ። ከተፀነሰች ጀምሮ የመጣ፣ ከስንት አንድ የሚያጋጥም የዘረመል እክል ነው፤ እናንተ ያጠፋችሁት የለም፤ ብትወለድም ብዙ አትቆይም አለቻቸው። ሹፌሩ ባሏ በማልቀሱ አፍሮ፣ «ቦክሰኛ ናት በሉኛ» አለ። ከዚያ ወዲያ ስሟ ቡጢዬ ሆነ። ከሥራ ሲገባ የሚስቱን ሆድ ቀስ አድርጎ እየነካ፣ ዛሬስ ማንን ደበደብሽ ይላት ነበር።

አሁን ሬዲዮ ከስፌት መኪናው ላይ ትንሽዬ ቀሚስ አንስተው ያገላብጣሉ።

«እጅጌውማ ሰፍቶብሻል። ልተርትርልሽና ታጠብቢዋለሽ፤ ለሚቀጥለው ይሆናል።»

«ይተዉት እትዬ» አለች። «ተሳስቼ አይደለም። እጇ ተጨብጦ እንዲያልፍላት ብዬ ነው። አንዴ ለብሳዋለች። ለሚቀጥለው ልጅ አይደለም፤ የእሷ ነው።»

ሬዲዮ አንድም ምክር ሳይጨምሩ ቀሚሱን ወደ ቦታው መለሱት። እንዲህ ሆነው የሚያውቁ አይመስለኝም። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉላት።

«እንዴት ነበር የምትጨብጠው?»

ልብስ ሰፊዋ አመልካች ጣታቸውን በመሃል ጣታቸው ላይ፣ ትንሿን በቀለበት ጣታቸው ላይ ደረበችላቸው።

በዚህ መሃል አንድ ለቀስተኛ ገባና፣ ልብስ ሰፊዋን አይዞሽ፣ ሌላ ይተካል እያለ ለአክስትየው እጁን ዘረጋ። በግራቸው ጨበጡት። ቀኛቸውን አልፈቱም።

«ቡጢዬ ነበር የምትባለው» አሉት።

እናንተም ልጆቼ፣ ለቅሶ ቤት ገብታችሁ «ሌላ» ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ፣ ያቺን የተጨበጠች እጅ አስቡልኝ።