ኬኔ ተፈውሳለች

እና ምን ብላ ትጀምር፣ ከፊቷ ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረው፣ ከዚያ ማይኩ እሷ እጅ ላይ ነው፣ ጌታ ይመስገን ትላለች፣ እሱ ውሸት አይደለም፣ ከዚያስ፣ ጉባኤው ከምስክርነቷ የሚጠብቀው አንዲት ቃል ነው፣ ተፈውሻለሁ፣ ኬኔ ደግሞ ዛሬ ጠዋት በሯን ዘግታ ጣቷን ወግታ ስኳሯን ለክታለች፣ ገንፎዋን በልታ ሐኪም ያዘዘላትን ክኒን፣ ስድስት ፍሬ ፕሬድኒሶሎን ውጣለች። እንደ ሌባ ተደብቃ።

ሁለት መቶ አስራ አራት። በባዶ ሆዷ። ትናንት መቶ ዘጠና ነበር፣ ደብተሯ ላይ አለ፣ ክብደት፣ ግፊት፣ ስኳር፣ በየቀኑ ትጽፋለች፣ አስተማሪ አይደለች እንዴ፣ መጻፍ መቼ ይከብዳታል፣ ቁጥሩ ግን ተጻፈ አልተጻፈ ደንታ የለውም፣ ከክኒኑ ጋር ይወጣል።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከፊቷ ነው። መድኃኒቱ ፊቷን እንደ ድፎ ነፋው፣ እና ያያት ሁሉ፣ ውይ ኬኔ፣ እንዴት አምሮብሻል፣ ሥጋ ለበስሽ እኮ፣ እናቷማ አለቀሰች፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዋቀዮ ገለቶሚ፣ ጌታዬ ተመስገን፣ አጥንትሽ ብቻ ቀርቶ አልነበር፣ ሰባት ወር የተጾመልሽ፣ የተጸለየልሽ፣ ይኸው መልሱ፣ ሃርሜ፣ እማ፣ እብጠት ነው፣ የክኒኑ ነው አለች ኬኔ፣ ተይ እንጂ አለች እናቷ፣ የጌታን ሥራ ለክኒን አትስጪ፣ እሑድ ከመሰከርሽ በኋላ ያንን ብልቃጥ እኔው ነኝ የምጥለው።

ነርሷ ብርቄ ደግሞ፣ የክትትሏ ቀን፣ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ስሚኝ ኬኔ፣ ቀስ እያልን ነው የምንቀንሰው፣ በራስሽ እንዳታቋርጪ፣ በድንገት ከተውሽው ትወድቂያለሽ፣ ልትሞቺም ትችያለሽ፣ እናትሽን አስረጃት፣ እሺ አለች ኬኔ፣ እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

አንድ ሰው ቀረ። ከጉቴ የመጣ ባይሳ የሚባል ሽማግሌ፣ ስለ ልጁ ሥራ መያዝ ያመሰግናል፣ ምናለ ቢያስረዝመው፣ እናቷ ከኡኬ ዘመድ ጠርታ ፊት መስመር ተቀምጣለች፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ታሳፍራት፣ ባሏን በቀበረች በዓመቷ የልጇን ሬሳ ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ ግን እውነቱን ብትናገርስ፣ ጌታ ይመስገን፣ በመድኃኒት ነው የቆምኩት ብትል፣ ምን አለበት፣ ምንም የለበትም፣ ምላሷ ነው እምቢ ያላት። ትፈራለች። በቃ ትፈራለች።

ማይኩ እጇ ላይ ነው። የሽማግሌው መዳፍ አሙቆታል። ጌታ ይመስገን፣ አሜን፣ ሐኪሞች ያቃታቸውን፣ ማነው ይሄን ያለው፣ እሷ ናት፣ ፊቴን እዩት፣ አሜን፣ ተፈውሻለሁ፣ እልልታው ይቀልጣል፣ እናቷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ታለቅሳለች፣ አንድ ሰው መጥቶ ማይኩን ከእጇ ይቀበላታል።

ሦስተኛው መስመር ላይ አንዲት ሴት እልል አትልም። ሶረቲ ናት፣ በክትትል ቀን አብረው ተራ የሚጠብቁት፣ አስመኛዋ፣ ያንኑ ክኒን የምትውጥ፣ ያንኑ ክብ ፊት የተሸከመች፣ ኬኔን አተኩራ ታያለች፣ የገዛ ጉንጯን ትዳስሳለች፣ ቀስ ብላ ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ብልቃጧን ታወጣለች፣ ከፍ አድርጋ ይዛው ወደ መድረኩ ትመጣለች፣ ፊቷ በእንባ ርሷል፣ ትስቃለች፣ ሶረቲ፣ አይሆንም፣ ተመለሺ ትላለች ኬኔ፣ በዚያ ሁሉ እልልታ ማን ይሰማታል፣ ለሶረቲ መንገድ እየለቀቁላት ነው።