ሰባተኛው ክለብ

«ፈርም እንጂ! ወረቀቱ የሚፈልገው ቀለም ነው፣ ጸሎት አይደለም» አለ የራግቢ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት፣ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ።

ዋና ጸሐፊው የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ከፊቱ የተዘረጋው ቅጽ የጡብ ፋብሪካ ክለብ ሃያ ሦስት ተጫዋቾች እንዳሉት ይናገራል። ፋብሪካው ከተዘጋ ግን ሁለት ዓመት አልፎታል።

«እነዚህ ልጆች የት እንዳሉ ታውቃለህ?»

«አንድ ቦታ አሉ። ሞቱ ሲባል አልሰማሁም።»

ጸሐፊው ሳይወድ ሳቀ። የሃያ ሁለት ዓመት ወዳጆች ናቸው። ፕሬዚዳንቱን በተጫዋችነቱ ዘመን «በሬው» ይሉት ነበር፤ አንገቱ የት አልቆ ትከሻው የት እንደሚጀምር አይለይም ነበርና። ፌዴሬሽኑን ያቋቋሙትም አንድ መሐንዲስ ሻንጣው አልዘጋ ሲለው ጥሎት በሄደ እንቁላል መሳይ ኳስ ተነሥተው ነው። ደንቡን የጻፉት በጸሐፊው እናት ቤት፣ አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር። የስፖርት ቢሮው ሹም «ራግቢ» የሚባል ነገር ከዝርዝሩ ቢያጣ፣ «በእጅ አይደል የምትይዙት?» ብሎ እጅ ኳስ ሥር መዘገባቸው። ከዚያ ለመውጣት ሦስት ዓመት ደጅ ጠንተዋል።

አሁን ደግሞ የአህጉሩ ማኅበር አባልነታቸውን ለማደስ ሰባት ክለብ ጠየቀ። በእጃቸው ያለው ስድስት ነው። ሰባተኛው ያለው ወረቀት ላይ ብቻ ሲሆን፣ ቅዳሜ በጠቅላላ ጉባኤው በክለቡ ስም ድምፅ የሚሰጠውም የበሬው ሚስት ወንድም ነው። ባለፈው ምርጫ፣ ፋብሪካው ሳይዘጋ፣ በሬው ያሸነፈው አራት ለሦስት ነበር።

«ሄጄ ልያቸው» አለ ጸሐፊው ቅጹን አጥፎ።

«ምን ልታይ? የተዘጋ በር?»

«እሱንም ቢሆን አይቼ ልፈርም።»

ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ፣ የሚያመውን ጉልበቱን እየጎተተ ከፋብሪካው ጀርባ ደረሰ። አረም የወረሰው ሜዳ ነበር የጠበቀው። የሰማው ግን ጩኸት ነው።

«ዝቅ በይ! ወገቧን ያዢ፣ ቀሚስ እየለካሽላት ነው እንዴ?»

ሴቶች ናቸው። ሁለት ሁለት ሆነው አንዷ ኳስ ይዛ ትሮጣለች፣ ሌላዋ ይዛ ትጥላታለች። የምትጮኸው አምበላቸው ክንደ ብርቱ ሴት ናት፤ የሆስፒታል ሠራተኛ ሱሪ ለብሳለች።

«ማንን ፈልገው ነው፣ ጋሼ?»

«ከራግቢ ፌዴሬሽን ነው የመጣሁት።»

«ውይ፣ አለ እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። አምበሏ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት። ባሏ ለጡብ ፋብሪካ ይጫወት ነበር፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ሄደ፣ ኳሶቹ አልጋ ሥር ቀሩ።

«ለልጆቹ መጫወቻ ይሁን ብዬ አወጣኋቸው፤ እኛው ያዝናቸው። ቀኑን ሙሉ እርጥብ አንሶላ ስትሸከም ለዋለች ሴት፣ ሰው መጣል ምን ያቅታታል?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ቀዝቀዝ አለ። «ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈን ነበር። ይድረስ አይድረስ አናውቅም።»

ደርሷል። የመጀመሪያውን የተቀበለው ራሱ ነው። «ወደፊት የሚታይ» ብሎ ጽፎበት፣ ፋይል ውስጥ ከትቶ ረስቶታል፤ ሁለቱ የደረሱት ለበሬው ነው። ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ጠፋው።

ሣሩ ላይ ተቀምጦ ደንቡን ከቦርሳው አወጣ። ክለብ ማለት ቢያንስ ሃያ ሦስት የተመዘገቡ ተጫዋቾች ያሉት ቡድን ነው ይላል። ወንዶች የሚል ቃል የለም። ሲጽፉት አርቀው አስበው አልነበረም፤ ሴት ትጫወታለች ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ ነው።

ቆጠራቸው፤ ሃያ ስድስት። ባዶ ቅጽ አውጥቶ ስማቸውን አንድ በአንድ መዘገበ። አምበሏ በትከሻው በኩል አጎንብሳ ታነባለች።

«ይሄ ‹የድምፅ ተወካይ› የሚለው ምንድን ነው?»

«ቅዳሜ ፕሬዚዳንት ይመረጣል። አንድ ሰው ስለ ክለቡ ይመርጣል።»

«የአሁኑን እናውቀዋለን?»

«ለደብዳቤያችሁ መልስ ከነፈጓችሁ ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ሌላው እኔ ነኝ።»

ስልኩ ጮኸ፤ በሬው ነው።

«እሺ፣ በሩን አየኸው?»

«ተጫዋቾች አግኝቻለሁ። ሃያ ስድስት።»

«አላልኩህም! ሰባት ሞላን ማለት ነው! ተወካያቸው ያው የኛው ሰው ነው አይደል?»

ጸሐፊው የሚያመውን ጉልበቱን አሸት አደረገ። ጉልበቱ የተሰበረ ቀን አምቡላንስ አልነበረም። በሬው ነው አዝሎት፣ እያለከለከ ዳገቱን ወጥቶ ሆስፒታል ያደረሰው። ለዚያ ሰው ውለታውን በምን ይመልሳል? የሚስቱን ወንድም ስም እዚህ መስመር ላይ መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሴቶቹም የማን ስም እንደሆነ አያውቁም፤ በመመዝገባቸው ብቻ ያመሰግኑት ነበር።

«ሰማኸኝ? ተወካዩ ማነው?»

«እዚሁ አጠገቤ ናት» አለ ጸሐፊው። «ራስህ አነጋግራት።»

ስልኩን ዘረጋላት። አምበሏ መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገችና ተቀበለችው።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»