ቀጭኑ አፍንጫ

የመኪና አፍንጫ የምትነድፈውን መሐንዲስ የሥራ ባልደረቦቿ «አፍንጫዋ» ይሏታል። ስድብ አልነበረም። ጎማቸው ክዳን የሌለው የእሽቅድምድም መኪኖች ከሁሉ አስቀድሞ ነፋሱን የሚሰነጥቁት በአፍንጫቸው ነው፤ እሷም ውላ የምታድረው ከዚሁ አፍንጫ ጋር ነበር።

በዚያ ዓመት አዲስ ሕግ ወጣ። የአፍንጫው ጫፍ ከእንግዲህ ወደ መሬት ዝቅ ይበል የሚል። ምክንያቱን ያላወቀ አልነበረም። ባለፈው ዓመት አንድ ሾፌር መታጠፊያ ላይ መኪናው ዞሮበት መንገዱን ዘግቶ እንደቆመ፣ ከኋላው ሲከንፍ የመጣው መኪና ከፍ ያለ አፍንጫ ልክ በራስ ቁሩ ትይዩ መጣበት። በዚያው ቀረ። ሟቹ የአክስቷ ልጅ ነበር። አክስቷም እናቷ ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጓት፣ ዛሬም አብረዋት የሚኖሩ ሴት ናቸው።

ታዲያ አፍንጫው ዝቅ ሲል በመኪናዋ ሥር የሚገባው ነፋስ ያንሳል፤ ነፋሱ ሲያንስ መኪናዋ መንገዱን አጥብቃ አትይዝም። ይህን ሲሰማ የቡድኑ አለቃ ፊቱ ጠቆረ።

«ሕጉ ያለው ጫፉን ነው» አላት ጥቂት አስቦ። «ስለቀረው አካል ምን አለ?»

ወዲያው ገባት። ከአፍንጫው ፊት ለፊት እንደ ጣት የቀጠነች ነገር አውጥታ ቁልቁል አወረደቻት፤ የቀረውን እንደ ድሮው ከፍ አድርጋ ተወችው። ተቆጣጣሪዎቹ ቢመጡ ያችን ጣት ለክተው ይሄዳሉ። ንድፉን ያየ ሁሉ ሳቀ።

«ሕግ አውጪዎቹን አፍንጫችሁን ላሱ ማለት ይኼ ነው» አለ አለቃው።

ማታ ራት ላይ አክስቷ ዳቦውን እየቆረሱ፣ «ይኼ አዲስ ሕግ በልጄ ምክንያት የወጣው ነው አይደል?» አሏት። አፍንጫ ሲመቱት ዐይን ያለቅሳል እንዲሉ፣ ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር ዐይናቸው እንባ ያቀርራል።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እናንተም አከበራችሁት?»

«አከበርነው» አለች። ዳቦውን ተቀበለቻቸው።

ንድፉ መጀመሪያ የሚሞከረው ሲሙሌተር በሚሉት መለማመጃ ላይ ነው። ጎማ የሌላት የመኪና ገላ ሰፊ ስክሪን ፊት ተተክላለች፤ ሾፌሩ እዚያ ውስጥ ገብቶ እውነተኛውን መንገድ እንደሚነዳ ሆኖ ይነዳል። ቀጭኑ አፍንጫ የተጫነ ዕለት፣ ከአፉ ቃል የማይወጣው የቡድኑ ሾፌር የአክስቷ ልጅ የሞተበት መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ፍሬኑን ረግጦ ቆመ።

«ምነው?» አለችው በማይክ።

«መንገድ ዘግቶ ቆሞ የለ እንዴ?»

«ማን?»

ሾፌሩ ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። ቅጂውን መልሰው ቢያዩት መንገዱ ጭር ብሏል። ኮምፒውተሩን አገላብጠው ፈተሹ፤ እንከን የለበትም። ሙሉ ለሙሉ ዝቅ ያለውን አፍንጫ ጭነው ሲሞክሩ ሾፌሩ ነፋስ ሆኖ አለፈ። ቀጭኑን ሲመልሱት እንደገና ቆመ። ምንም ያልሰማ ተጠባባቂ ሾፌር አስጠሩ። እሱም እዚያው ላይ ቆመና ሲወርድ፣ «መኪናው ውስጥ ያለው ሰውዬ ምንድን ነው እንደዚያ የሚያየው?» ብሎ ጠየቀ።

በማግስቱ ሰዉ ለምሳ ሲወጣ ራሷ ገብታ ተቀመጠች። ቀስ ብላ ነዳች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ክው ብላ ቀረች። አንድ መኪና መንገዱን አቋርጦ ቆሟል። ውስጡ ያለው ሾፌር አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጓል፤ የአክስቷ ልጅ ሰው ሲያዳምጥ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ፍሬኑን መቼ እንደረገጠች አላወቀችም። ከፊቷ የተዘረጋችው ጣት መሬት መሬቱን ታያለች፤ ከጣቷ በላይ ያለው የአፍንጫው ገላ ግን ልክ በራስ ቁሩ ትይዩ ነው። ሰውዬው እሷን አያይም። የሚያየው አፍንጫውን ነበር። እጁን አላነሣም፤ አልሸሸም፤ ዝም ብሎ ያያል።

ከመለማመጃው ወርዳ አለቃው ቢሮ ገባች።

«ዝቅ አደርገዋለሁ። ሙሉውን።»

ይጮህብኛል ብላ ስትጠብቅ፣ አለቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ «አድርጊው» አለ። ቀጥሎም፣ «ጠዋት እኔም ተቀምጬበት ነበር» አላት፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

የውድድሩ ቀን የእነሱ መኪና ከመሐል ተሰልፋ ወጣች። ከፊት የሚመራው የተቀናቃኝ ቡድን ነበር፤ እሱም ያንኑ ብልሃት ደርሶበት ኖሮ አፍንጫው ላይ ጣት አብቅሏል። ያ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ፣ ፊቱ ማንም በሌለበት መንገድ ላይ፣ ፍሬኑን ረገጠ። ከኋላው ያሉት እንደ ምንም ሸሹት። ዘጋቢው «የፍሬን ብልሽት ይመስላል» አለ። የእነሱ ዝምተኛ ሾፌር ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈ።

ውድድሩ አልቆ ዕቃ ሲጫን የተቀናቃኙ ቡድን ንድፍ ሠሪ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ፣ በጭነት መኪኖቹ መሐል እያሳበረ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሾፌራችን የሚያወራው ነገር አይጨበጥም» አላት። «የእናንተው ለምን አልቆመም?»

«አፍንጫውን ዝቅ አድርገው።»

«እኛ ሕጉን አልጣስንም እኮ።»

«እኛም አልጣስንም ነበር።»

ጓደኛዋ ሊሄድ ዞረ።

«መለማመጃችሁ ላይ ራስህ ተቀመጥና ንዳ» አለችው። «ቀስ ብለህ።»

በሚቀጥለው ውድድር የእሱም መኪኖች አፍንጫቸውን አቀርቅረው መጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ፤ ለምን እንደሆነ ማንም ማንንም አልጠየቀም። በዓመቱ ሕጉ እንደገና ተለወጠና ጣት የመሰለ አፍንጫ ጭራሽ ተከለከለ። ከሥሩ የሰፈረው ምክንያት «ለመኪኖቹ ውበት ሲባል» ይላል። ለአክስቷ አነበበችላቸው። አክስቷ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጧት።