የሟቹ ተመራጭ ወንበር

...ደግሞስ ማን ሊያያት፣ ቬርና ጫማዋን ታወልቃለች፣ እግሯ ሲገተር ነው የዋለው፣ የከብት ገበያው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ምረጡኝ እያለች የማታውቀውን ሕፃን ሁሉ እየሳመች፣ ምርጫው የፊታችን ማክሰኞ ነው፣ ወይ የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆና ትቀጥላለች፣ ወይ እቤቷ ገብታ ቲማቲሟን ትኮተኩታለች፣ አሁን ግን ስልኩ ፊት ተቀምጣለች። ጥቁሩ ስልክ። የማይጮኽ ስልክ እንዲህ ያስፈራል እንዴ።

ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጮኻል። የወህኒ ቤቱ አዛዥ ሩፈስ ኮብ፣ የሚያግደን ነገር አለ ወይ፣ ብሎ ይጠይቃል፣ እሷ መንገዱ ክፍት ነው ትለዋለች፣ ከዚያ ሞት የተፈረደበት ሊዮን ባስኮም በመርፌ ይሞታል። በቃ። ቃሉን ከተመራጩ በቀር ማንም አይናገረውም፣ ብቻውን ሆኖ፣ በሩ ተዘግቶ፣ የቢሮው ልማድ ነው፣ ያለዚያ ቃል አዛዡ መርፌውን አይነካም፣ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ትእዛዙ ይወድቃል፣ ነገሩ እንደገና ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ሰኞ ዕለት ሴትዮዋ መጣች። ያቺ ሊዮንን ያስፈረደችበት ምስክር። ወይዘሮ፣ እኔ እኮ ያን ማታ ማንንም አላየሁም፣ ጨለማ ነበር፣ እሱ ነው በይ አሉኝ፣ አልኩ፣ አለችና የቀረበላትን ውኃ ሳትቀምስ ሄደች። ምክትሏ ዱዌይን፣ የሃያ ዓመት ባልንጀራዋ፣ ሳቀ፣ ፍርድ ቤቱ ከዘጋው አንቺ ምን ቤት ነሽ ቬርና፣ ለነፍሰ ገዳይ አልቃሽ ብለው በቴሌቪዥን ሊያዞሩሽ ነው እንዴ፣ ሦስት ቃል ናት፣ በያትና እራት እንብላ፣ አለ። እራት!

ግድግዳው ላይ የቀደሟት ተመራጮች ሥዕል በሙሉ ተሰቅሏል። ያ ባለጢሙ የመጀመሪያው ነው፣ ቢሮው ከኮርቻ ሰፊው ሱቅ በላይ አንዲት ክፍል ሳለች፣ መራጩን ውስኪ አጠጥቶ ያሸነፈ። ያ ወፍራሙ በሬ አስጠብሶ፣ ያ ቀጭኑ ተቀናቃኙን ሰካራም ብሎ አስወርቶ፣ ራሱ ግን መሳቢያው ውስጥ ጠርሙስ አይጠፋም ነበር አሉ፣ እንዴት እንዴት አድርገው መጥተዋል እናንተዬ፣ እሷስ፣ እሷ ወንጀለኛ አልምርም ብላ አይደል። ሁሉም እዚህ ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ቃሉን ብለዋል።

ከኦርቪል ታገርት በቀር።

ታገርት ምርጫው ሊደርስ ሲል የባቡር ሐዲድ ሲሻገር ሞተ፣ የምርጫው ወረቀት ታትሞ ስለነበር ስሙን ማውጣት አልተቻለም፣ ሕዝቡም መሞቱን እያወቀ መረጠው፣ ከዚያ ቀጣፊ ተቀናቃኙስ ሬሳው ይሻለናል ብሎ፣ አሸነፈ እኮ፣ ሟች አሸነፈ። ተተኪ እስኪሾም ወንበሩ ባዶ ከረመ። አንድ ምሽት ይሄ ስልክ ጮኸ፣ ጮኸ፣ የሚመልስ የለም፣ ያኔ የነበረው አዛዥ ቃል ቢያጣ እስረኛውን ወደ ክፍሉ መለሰው፣ ያ ሰው አርጅቶ ነው የሞተው ይላሉ።

ሠዓሊው ታገርትን በቁሙ አላገኘውም፣ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ሳለ ከተነሣው ፎቶግራፍ ሣለው፣ ወንበር ላይ አስቀመጠው እንጂ እጁን አላላቀቀለትም፣ ደረቱ ላይ እንደተጣመረ ነው። ዓይኑን ከራሱ ፈጠረለት። እነዚያ ዓይኖች ቅድም በሩን ነበር የሚያዩት፣ አሁን እሷን። ነው ወይስ ደክሟታል? ደክሟታል፣ ደክሟት ነው፣ ምሳም አልበላችም።

መንገዱ ክፍት ነው። ቀላል እኮ ነው። መንገዱ፣

ይጮኻል።

እመቤቴ፣ ሩፈስ ኮብ ነኝ፣ ሰውየው አልጋው ላይ ታስሯል፣ የሚያግደን ነገር አለ ወይ? አፏን ትከፍታለች። ከበሩ ውጭ ዱዌይን ይንጎራደዳል፣ ጫማው ይንቋቋል፣ ማክሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሊዮን ባስኮም አሁን ጣሪያውን እያየ ይሆናል፣ ቀዝቃዛ ነገር አንገቷ ሥር ይሰማታል፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ እመቤቴ? ይሰማዎታል? ይሰማታል። ዝም ትላለች። ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ፣ እጆቿ መቼ እንደሄዱ ሳታውቅ ደረቷ ላይ ተጣምረው ታገኛቸዋለች።

እመቤቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅዎት።

እጆቿ አይላቀቁም።

ሩፈስ ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳል፣ ሽማግሌ ነው፣ እንግዲህ ቃል ካልሰጡኝ ፈትቼ እመልሰዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔም ሰልችቶኛል፣ ይላታል። ምርጫው ሄደ። ይሂድ። ታለቅሳለች፣ ደስ ብሏታል፣ ቲማቲም ደግሞ ምን አለው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት እመቤቴ፣ ልማዱ ብቻዎን ይሁኑ አይል?

ብቻዬን ነኝ ሩፈስ።

ታዲያ ያ አጠገብዎ የሚተነፍሰው ሰውዬ ማነው?

ቬርና ቀና ብላ ግድግዳውን አታይም። ወንበሯን ብቻ ትንሽ ፈቀቅ ታደርግለታለች።