ታላቅ ሳይጀምር

የኮሪያ ምግብ ቤቱን የመረጠችው ትንሿ እህታችን ናት። እኔን ቢጠይቁኝ ወንበሩ የሚመች፣ የምግቡ ስም ምላስ የማያስተሳስር ቤት እመርጥ ነበር። እሷ ግን ቤቱ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ስለሆነ ጋሼ ከአንዱ አውቶቡስ ወርዶ ሌላው እስኪነሳ ድረስ አይንገላታም ብላ አፋችንን አስዘጋችን።

ጋሼ ታላቅ ወንድማችን ነው። የውሃ ጉድጓድ በሚቆፍር ድርጅት የማሽን ኦፕሬተር ሆኖ ወደ በረሃ ከወረደ ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ ፈቃድ ባገኘ ቁጥር ይመጣ ነበር፤ ቆይቶ በዓመት አንዴ ሆነ፤ ከዚያ ስልኩ ብቻ ቀረ። ያን ቅዳሜ በከተማችን የሚያልፈው የተበላሸ ፓምፕ አስጠግኖ ሲመለስ ነው። ለእኛ የደረሰን ምሳ ሰዓቱ ብቻ ነበር።

እኔ ደግሞ የምነግረው ነገር ነበረኝ። በጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል አጽድቼ፣ ግድግዳዋን ቀለም አስቀብቼ፣ መጋረጃ ሰቅዬላታለሁ። መጋረጃ ሰፊ ነኝ። የሰው መስኮት በአንድ ጊዜ ለክቼ የምጨርስ ሴትዮ ያቺን ትንሽ መስኮት ስሰፋና ስፈታ ከረምኩ፤ አንዴ ይጨልምበታል እላለሁ፣ አንዴ ፀሐይ ይገባበታል እላለሁ። በአጭሩ «በቃህ፣ ና ቤትህ ግባ» ልለው ነው። ድርጅቱ አዲስ ውል እንዲፈርም እየጠበቀው መሆኑን በስልክ ነግሮኛል። ከፈረመ በኋላማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የሚያስፈራኝ እምቢ ማለቱ አልነበረም፣ እሺ ማለቱ እንጂ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደገን እሱ ነው፤ እምቢ ብሎን አያውቅም። ጫማ አማረኝ ስንለው፣ ትምህርት ቤት ይቀየርልኝ ስንለው፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ትንሿ ድመት ካልመጣልኝ አልተኛም ስትለው፣ መልሱ እሺ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው «ና» ሲሉት ይመጣል፤ ወዶ ይሁን ለእኛ ብሎ ግን አይታወቅም። ይህን እያወቅኩም ልጠይቀው ቆርጬ ነበር። ናፍቆት ይሉኝታ የለውም።

ምግብ ቤቱ ከጫማ መደብር በላይ ነው። ደረጃው ጠባብ፣ ጠረጴዛው ሁሉ መሃሉ ላይ የጋዝ ምድጃ የተቀበረበት። ገና ከመቀመጣችን ያላዘዝነው ነገር በትንንሽ ሳህን ተደረደረ፤ ኪምቺ የሚሉት በበርበሬ የተብላላ ጎመን፣ የበቀለ ባቄላ፣ ጣት የማታክል የተጠበሰች ዓሣ። ታናሽ ወንድማችን ይህ ሁሉ ነፃ ሊሆን አይችልም ብሎ ከአስተናጋጇ ጋር መከራከር ጀመረ። እሱ ቀለም ሻጭ ነው፤ ጠበቃው የምንለው ነጩን ቀለም እንኳ ነጭ አይደለም ብሎ ደንበኛ ስለሚሞግት ነው።

አስተናጋጇ ሳቀችበትና ስጋውን ምድጃው ላይ አንጥፋ በመቀስ ትቆርጠው ጀመር። ይሄን ጊዜ ዓይኔን መለስኩ። በእኔ መቀስ ወረቀት የቆረጠ ሰው ከእኔ ጋር ሰላም አያድርም፤ ስጋ በመቀስ ሲቆረጥ ማየት ከባድ ነው። ትንሿ እንደዚያ ሆኜ ስታየኝ በሳቅ ፈረሰች።

ጋሼ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ደረጃውን ሲወጣ አላወቅኩትም። በረሃ የጠበሰው፣ አጥንቱ የወጣ ሰው ነበር የምጠብቀው፤ ጉንጭ አውጥቶ መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል። ትንሿ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቅም አለች፤ ጠበቃው እንኳ ክርክሩን ትቶ ትከሻውን ይመታ ነበር። እኔ ተራዬ ሲደርስ ያ የግራሶና የሳሙና ሽታው ሲመታኝ ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግኩ። አመካኝቼ በርበሬው ዓይኔ ገባ አልኩ፤ ገና ምንም አልቀመስኩም።

ቀዩ ወጥ በትልቅ ድስት መጥቶ መፍላት እንደጀመረ አስተናጋጇ ከእኛ ታላቁ ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሦስታችንም ወደ ጋሼ ጠቆምን። የቤቱ ባለቤት፣ ጸጉራቸው የሸበተ ኮሪያዊት፣ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ሆነው ያዩናል። አስተናጋጇ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በእሳቸው አገር ታላቅ ማንኪያ ሳያነሳ ታናሽ እንደማይነካ፣ ይህንንም የሚያውቅ እንግዳ ሲያዩ ደስ እንደሚላቸው ነገረችን።

እርስ በርስ ተያየን። ጠበቃው፣ እንግዲያውስ እዚሁ በረሃብ ማለቃችን ነው አለ።

እውነቱን ነው። እኛ ቤት ታላቁ የሚበላው መጨረሻ ላይ ነበር። ጋሼ ከጋራዥ ሲመጣ ራት መሃላችን አስቀምጦ «እኔ በልቻለሁ፣ እናንተ ብሉ» ይላል። እንበላለን። ስንጠግብ ከድስቱ ሥር የቀረችውን እየጠረገ ይቀምሳል፣ ለጨዋታ ያህል። ስናድግም፣ ሁሉ ሲሟላም አልተወውም፤ የራሴ ሠርግ ላይ እንኳ ሳህን ያነሳው አዳራሹ ሊዘጋ ሲል ነው። ስለዚህ እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ያቺን ቃል መጠበቅ ጀመርን። የእኔም ዕቅድ በእሷ ላይ ነበር፤ «እናንተ ብሉ» ሲል፣ ቤትህ ግባና አብረን እንብላ ልለው ነው።

ጋሼ ማንኪያውን አነሳ።

ያለምንም ማመንታት ነው ያነሳው። ከቀዩ ወጥ ቀዳ፣ እፍ እፍ አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ከስጋውም ደህናዋን መርጦ ጎረሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ሲያየን ሦስታችንም እንደተገተርን ነን።

«ምነው? ብሉ እንጂ» አለ።

ትንሿ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለምን እንደሆነ ያወቀች አይመስለኝም። እኔ ግን ገባኝ። ይህ ልማድ በበረሃ ንፋስ ብቻውን የሚለቅ አይደለም። አንድ ሰው ተቀምጦ አስለቅቆታል። ያ ጉንጭ፣ ያ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ሁሉም የሰው እጅ አለበት። ያን ጊዜ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ አፌ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ የጓሮዋን ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ። ውሉን አትፈርም። ና ቤትህ ግባ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። አስተናጋጇ መጥታ እሳቱን ቀነሰችልንና ፊታችንን አይታ ቶሎ ሄደች።

«አልመጣም፣ እህቴ» አለ ጋሼ።

በቀስታ ነው ያለው፣ ድመት ሊያመጣ እሺ ባለበት ድምፅ። ከአፉ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ ስለማላውቅ ያልሰማሁ መስዬ ሳህኑ ላይ ስጋ ጨመርኩለት።

ከዚያ ነገረን። የካምፑን ወጥ ቤት የምትመራ ሴት አለች። እሱ እንደ ልማዱ ሠራተኞቹን «እኔ በልቻለሁ» እያለ አስቀድሞ ያበላል፤ እሷም ብዙ ቀን ሰምታ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ሳህኑን ይዛ እሱ ማሽኑን የሚጠግንበት ድረስ መጣች። ፊቱ አስቀመጠችና እዚያው በርሜል ላይ ተቀመጠች።

«የት ነው የበላኸው ብላ ጠየቀችኝ» አለ ጋሼ። እንደ ቀልድ እየሳቀ ነበር። «መልስ አጣሁ። እስከዚያ ቀን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለማ።»

ወቀሳ አልነበረበትም። ቢወቅሰን ይቀለኝ ነበር። ትንሿ ሳህኗ ላይ ተደፍታ ለቀሰች፤ ጠበቃው ውሃ ልጠጣ ብሎ ባዶውን ብርጭቆ ወደ አፉ ወሰደው። ጋሼ ያለቀስነው በእሱ ክፉ ቃል መስሎት ማባበል ያዘ፤ ከሴትዮዋ ጋር እዚያው ሊኖሩ እንደተስማሙ፣ ደህና ቤት እንዳላቸው፣ ልንጠይቃቸው እንድንመጣ እያለ። ሲያባብለን ስጋው ምድጃው ላይ ከሰለ። ሴትዮዋን ሳላውቃት ቀናሁባት፤ እግዚአብሔር ይስጣት አልኩም። ሁለቱም እውነት ነው።

ሰዓቱ ደርሶ ወረድን። መናኸሪያው ውስጥ ሁሉንም ስሞ፣ ትንሿን ሁለቴ ስሞ፣ አንድ እግሩን አውቶቡሱ ላይ ሲያደርግ ክንዱን ያዝኩት። ክፍሉን፣ መጋረጃውን፣ ያለ እሱ ቤታችን ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚጠበቅበት ቤት እንደሆነ፣ ስንቱን ልነግረው ነበር።

«ጠግበሃል?» አልኩት።

«አዎ፣ በደንብ በል...» ብሎ ጀመረና አቆመ። ፊቴን አየኝ። «ኧረ አልጠገብኩም» አለ። «እናንተ ስታለቅሱ መች በላሁ።»

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬና በዚህ ውፍረቴ፣ በሻንጣና በሰው መሃል ሮጬ፣ ከበሩ አጠገብ ካለችው ሱቅ የእንቁላል ሳንድዊች ይዤ ስመለስ ሞተሩ ተነስቷል። በመስኮት አቀበልኩት። ለመንገድ ይሆናል ብሎ ቦርሳው ውስጥ አልከተተውም። እዚያው ወረቀቱን ልጦ በትልቁ ገመጠ፤ ጉንጩ ተወጥሮ እያየኝ ያኝካል። እኔም ሌላ ምንም ሳልል፣ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ ሲበላ አየሁት።