ለአያ ሽታው ጠመንጃ የሚሆን ካቻቢቴ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለች ሱቅ ሞባይል እጠግናለሁ። ስሜ ባድሩ ነው። የሱቄ በር ላይ «ማንኛውንም ነገር እንጠግናለን» የሚል ጽሑፍ አለ። «እንጠግናለን» ያሰኘሁት ብዙ እንድንመስል ነው እንጂ ከእኔ ሌላ ማንም የለም። «ማንኛውንም ነገር» የሚለው ደግሞ የገባው ጻፊው ሰሌዳው ላይ ቦታ ተረፈኝ ስላለ ነው።

አያ ሽታውን ያመጣብኝ ይሄው ጽሑፍ ነው። አያ ሽታው የአምባሰል ገበሬ ናቸው፤ ከሟች አባቴ ጋር እንደ ወንድም የኖሩ ሰው። በጋቢ የጠቀለሉትን ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ሲፈቱት የጣሊያን ጊዜ ጠመንጃ ሆኖ ቁጭ አለ።

«ፈቃድ አለው፣ አትደንግጥ» አሉኝ፤ ባዶ መሆኑንም ከፍተው አሳዩኝ። «ጥይቱ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል። የልጄ የሰብለወንጌል ሰርግ ስለደረሰ ይዤው ልፎክር ነው። ዝገቱ ግን እንጨቱ ስር ገብቷል። ፈታ አድርገህ ጥረግልኝ።»

«አብሽሩ፣ አያ ሽታው።»

«ጠመንጃ ፈተህ ታውቃለህ?»

«ብሎን ያው ብሎን ነው» አልኩ። እንዲህ ስል ድምፄ የሚያኮራ ነበር።

እንጨቱን ከብረቱ ጋር የሚይዙት ሁለት ወፋፍራም ብሎኖች ናቸው። የሞባይል ካቻቢቴዎቼ የብሎኑ ራስ ላይ ያለው ስንጥቅ ውስጥ ሲገቡ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ መርፌ መሰሉ። ስለዚህ ቤት ሄጄ ባለቤቴ ሂዳያ የቡታጋዙን ጎማ የምታጠብቅበትን ካቻቢቴ አመጣሁ። ጫፉ ተበልቶ ክብ ሆኗል። ገፍቼ ሳዞረው ዘሎ ወጣ፤ የስንጥቁን ከንፈር አኝኮ፣ እንጨቱን ጭሮ፣ የግራ እጄ ላይ አረፈ።

ሂዳያ እጄን እያሰረች «ቢስሚላህ ሳትል ጀምረህ ነው» አለችኝ።

«ብያለሁ።»

«ካቻቢቴው አልሰማ ይሆናላ!»

ጥፋቱ የዕቃው ነው ብዬ በማግስቱ ደሴ ወጣሁ። ሌላው ሰው አዲስ ጫማ ሲያይ እንደሚሆነው እኔ የመፍቻ ሳጥን ሳይ ልቤ ይጠፋል። ሻጩ ቀይ እጀታ ያላቸው፣ የሚያብረቀርቁ፣ ማግኔት ያላቸው ካቻቢቴዎች በሳጥን አውጥቶ «ይሄ ለአውሮፕላንም ይሆናል» አለኝ። አመንኩት። ደሴ ውስጥ አውሮፕላን የሚፈታው ማን እንደሆነ መጠየቅ አልመጣልኝም። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሳጥኑን ደጋግሜ እየከፈትኩ አጠገቤ ለተቀመጡት ሴትዮ አሳየኋቸው። ትዕግሥተኛ ሴት ነበሩ።

ሱቄ ገብቼ ትልቁን መርጬ ባለ በሌለ ኃይሌ አዞርኩ። ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። የአውሮፕላኑ ካቻቢቴ ግን ጫፉ እንደ ሸንኮራ ልጣጭ ተጠመዘዘ።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ማየት የጀመርኩት። የካቻቢቴው ጫፍ ወደ ታች እየቀጠነ፣ ወደ ላይ እየወፈረ እንደ ሽብልቅ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የስንጥቁን አፍ ብቻ ይነካል እንጂ ታችኛው ወለሉ ላይ አይቆምም፤ ሲያዞሩት ተንሸራቶ ይወጣል። የሚያስፈልገኝ ጎንና ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ፣ ከብሎኑ ራስ ግን የማይሰፋ ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ የምመርጠው እጀታውን አይቼ ነው። ብሎኑን ያየው የለም።

ከመቀጠሌ በፊት አያ ሽታውን ልነግራቸው ይገባ ነበር። ስንት ቀን ስፈራ ቆይቼ ደወልኩ። ለገበያ ሲወርዱ ሱቄ ገቡ።

«አያ ሽታው፣ አውፍ በሉኝ፤ አበላሽቼዋለሁ» ብዬ የታኘከውን ብሎን አሳየኋቸው።

ወደ ብርሃን አዙረው አዩትና ሳቃቸው መጣ። «ይሄማ የእኔ ነው! በጎረምሳነቴ በማጭድ ጫፍ ልፈታው ስል ነው እንዲህ ያረግሁት። አባቴ ያን ቀን እንዴት እንዳባረረኝ!»

«እንጨቱንስ? ጭሬዋለሁ እኮ።»

«የቱ ጋ?»

ፈለግሁ። ሰደፉ የጅብ ማባረሪያ፣ የበር መደገፊያ፣ የችካል መምቻ ሆኖ የኖረ ስለሆነ ከጭረት ሌላ የለውም። እንቅልፍ የነሳኝን የራሴን ጭረት ከመሃላቸው ለይቼ ማውጣት አቃተኝ። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ተናደድኩ። ማበላሸቱ እንኳ የሚገባኝን ያህል አልተሳካልኝም።

አያ ሽታው ገበያቸውን ትተው አብረውኝ ዋሉ። ከሳጥኑ ከተረፉት ወፍራሙን ካቻቢቴ አውጥቼ ሞርሳ ላይ አሰርኩና በሞረድ እየሞረድኩ፣ ስንጥቁ ውስጥ እየለካሁ፣ መልሼ እየሞረድኩ ቆየሁ። እሳቸው «ቀስ፣ ቀስ፤ የቆረጥከውን አትመልሰውም» ይሉኛል። በመጨረሻ ገብቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቢነቀንቁትም አልተወዛወዘም። ብሎኑ ላይ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርገን እስኪሰርግ ጠበቅን። ከዚያ በሁለት እጄ ተጭኜ አዞርኩ። «ቂ!» አለና ተነሳ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። ሁለታችንም እልል ልንል ምንም አልቀረን። ዝገቱን ጠርገን፣ ብረቱን ዘይት ቀብተን፣ እንጨቱን መልሰን ገጠምነው።

የሰርጉ ዕለት ያንን ካቻቢቴ እጀታው እንዲታይ አድርጌ የኮቴ ደረት ኪስ ውስጥ ሰካሁት። ሰው ይጠይቀኛል፣ እኔም አስረዳለሁ ብዬ ነው። አያ ሽታው ጠመንጃውን ከፍ አድርገው ፎከሩ፤ ብረቱ አበራ። ወጣቱ ሁሉ ግን ስልኩን ያዞረው ወደ ሙሽራዋ ነበር። ስለ ብሎን የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።

በመሃል ዘፈኑን የሚያሰማው ሞንታርቦ ዝም አለ።

«ባድሩ! ባድሩን ጥሩልን!»

ሕዝቡ መንገድ ለቀቀልኝ። ካቻቢቴዬን እየመዘዝኩ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። የሞንታርቦው ብሎኖች በሙሉ ባለ አንድ ስንጥቅ ሳይሆኑ ባለ ኮከብ ናቸው።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ ሂዳያ ከኋላዬ።

«ኮከብ ነው።»

«ታዲያ ያንተ ምንድን ነው?»

«የእኔማ ለጠመንጃ ነው።»

ሳቋን በሻርፗ አፈነችው፤ አልታፈነም። አያ ሽታው ግን «ተዉት ይሄን ሞንታርቦ፣ እጅ የለንም ወይ!» ብለው ጭብጨባውን ጀመሩ፤ ሴቶቹ በዘፈን ተቀበሏቸው፣ ዳሱም ሞቀ። እኔም ካቻቢቴውን ኪሴ ውስጥ ወደ ታች ገፋ አድርጌ አጨበጨብኩ።