ጥዝዝ የሚለው ስቲል ጊታር

ስቲል ጊታሩ ጥዝዝ ማለት የጀመረው ማክሰኞ ነው። ዛሬ አርብ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ከማክሰኞ ጀምሮ ጆሮዋ ውስጥ ንብ የሰፈረባት ይመስላታል። ባሏ ሳሎን ይቀመጣል፣ ጊታሩን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ ያጋድማል፣ አምፕሊፋየሩን ያበራል። ጥዝዝዝ። ያጠፋዋል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ በስመ አብ ብሎ መልሶ ያበራዋል። ጥዝዝዝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ መሣሪያ ያነሳ ነበር። እሱ ግን ፋብሪካ እያለ የክር ማጠንጠኛው ማሽን ከግራ እጁ ሁለት ጣት ወስዶበታል፤ ከዚያ ወዲያ ተራውን ጊታር መያዝ አልሆነለትም። የጎደለ እጁን የተቀበለው ስቲል ጊታር ነው። ይህ ጊታር ጭን ላይ ተጋድሞ፣ ክሮቹ ላይ ወፍራም ብረት እየተንሸራተተ ነው የሚጫወቱት፤ ባሏም በቀሩት ጣቶቹ ብረቱን ይዞ እንደ ሰው ያስለቅሰው ነበር። የፋብሪካው ባንድ ከፈረሰ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። ነገ ከሰዓት የድሮዎቹ ሠራተኞች ተሰባስበው የፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ ሊጫወቱ ነው።

የባንዱ መሪ ጋሽ ደወል ይባላሉ፤ ከቀጠሯቸው አንዲት ደቂቃ ዝንፍ ስለማይሉ የወጣላቸው ስም ነው። ረቡዕ መጥተው ጥዝታውን ሰሙና ፊታቸው ተጨማደደ።

"አርብ አሥር ሰዓት ላይ ተመልሼ እሰማዋለሁ" አሉት። "እንዲህ ከሆነ ግን አልዋሽህም፣ ያንተን ቦታ ኪቦርድ ይሸፍነዋል። ሰዉን ጠርቼ ንብ አላሰማም።"

ከዚያ ወዲህ ባሏ ምግብ የሚቀምሰው ለይሉኝታ ነው። ትናንት እራት ላይ "ነገ ካልሆነ ሁለተኛ አልነካውም፤ ጠቅልለሽ አልጋው ሥር ክተቺልኝ" ብሏታል። እንዲህ ሲል ቀልዱን እንዳልሆነ፣ ሠላሳ አራት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ታውቃለች።

ትልቁ ልጃቸው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዛሬ ከሥራ አስፈቅዶ በጠዋት መጣ፤ እኩለ ቀን ላይ ሳሎኑ ሌባ የፈተሸው መሰለ። ገመዱን ለውጧል፣ ሶኬቱን ቀይሯል፣ ፍሪጁን ነቅሏል፣ መብራቱን አጥፍቷል። ጥዝታው ግን ወይ ፍንክች።

"አምፕሊፋየሩ ነው አባዬ። ልፍታው።"

"ሆዱን ቀደህ አንጀቱን ልታወጣ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ሁሉንም ለወጥኩ እኮ።"

"ሁሉንም ባንዴ ነዋ የለወጥከው" አለች እናቱ፣ ጥግ ካለችው የስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። "የኔ መኪና ክር ስትበጥስ መርፌውንም ክሩንም ማጥበቂያውንም ባንድ ጊዜ አልነካም። አንዱን እቀይራለሁ፣ ትንሽ እሰፋለሁ፣ አያለሁ። ልጆች እያላችሁ ስኳር ሲጎድል ሦስታችሁን ባንድ ላይ ጠይቄ አውቃለሁ?"

"የለም። አንድ ባንድ ነበር የምታስጨንቂን።"

"እና ሌባው ሳይገኝ ቀርቶ ያውቃል?"

"ሌባው እኔ ስለነበርኩ አውቃለሁ" አለና ልጁ ሁሉንም ወደነበረበት መለሰ።

እንግዲህ አንድ ባንድ ጀመሩ። አምፕሊፋየሩን ምንም ሳይሰኩበት አበሩት። እንደተኛ ሰው በቀስታ ከመተንፈስ በቀር ድምፅ የለውም።

"ምስኪን፣ በሐሰት ሊከሰስ ነበር" አለ አባት።

ቀጥሎ ልጁ ከጓደኛው የተዋሰውን ተራ ጊታር በዚያው ገመድ ሰኩት። ጸጥ። ገመዱም ነፃ ወጣ። ስቲል ጊታሩን መልሰው ሲሰኩት ጥዝዝዝ አለ። ጥፋቱ ያለው እሱው ጋ ነው።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አለ አባት። "ድሮም ትንሽ ትንሽ ጥዝ ይል ነበር፤ እጄን ክሮቹ ላይ ሳሳርፍ ግን ዝም ይላል። አሁን ብነካው ባልነካው ያው ነው።"

ልጁ ጣቱን ገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ብረት ላይ አሳረፈ። ጥዝታው ቀጥ አለ። ጣቱን ወደ ክሮቹ አዛወረ። ጥዝዝዝ።

"አገኘኋት! ክሮቹ ጥዝታውን ከሚውጠው ሽቦ፣ ከመሬቱ ሽቦ ጋር አይገናኙም ማለት ነው። ሽቦዋ በውስጥ መጥታ ክሮቹ የሚያርፉበትን ብረት ከሥር ትነካለች። እሱ ብረት ዝጎ ይሆን?"

"የት አባቱ ይዝጋል!" አለ አባት ደረቱን ነፍቶ። "ሰኞ ዕለት አሮጌዎቹን ክሮች ስፈታ ዝጎ ነበር። እናትህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈትጋ መስታወት አድርጋዋለች። በዚህ ቤት የሱን ያህል ንጹሕ ነገር የለም።"

"እንግዲያስ እሱ አይደለም። ውስጡን ልፍታው" አለና ልጁ ካቻቢቴውን አነሳ።

የስፌት መኪናዋ ቆመች።

አልፈተገችውም ነበር። ጀምራው ነበር፣ እግዜር ያውቃል፤ ክንዷ ሲዝል ግን ከበሩ የተረፈው ብርማ ቀለም ዓይኗ ገባ። ላዩንም ታቹንም አንድ ሁለት ጊዜ አለፈችበትና አለቀ። ባሏ ሲያየው "ይኼን ሁሉ ፈትገሽ?" ብሎ እጇን ሳማት። ልትነግረው ነበር። ምስጋናው ጣማትና ዋጠችው። ከማክሰኞ ጀምራ ማታ ማታ ተንበርክካ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ጥዝታ አርቅልን" ስትል ከርማለች፤ እግዜር ለካ መልሱን እጇ ላይ አስቀምጦላት ኖሯል።

ዝም ብትልም ይቻል ነበር። ልጇ ሲቸግረው ብረቱን አንድ ቀን መፍታቱ አይቀርም። ሰዓቱን አየች፤ ለአሥር ሰዓት ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶታል።

"አልፈተግኩትም" አለች።

"ምኑን?" አለ ባሏ።

"ብረቱን። ቀለም ነው የቀባሁት። የበሩን ቀለም። ከላይም ከሥርም።"

ካቻቢቴው ልጁ እጅ ላይ ቀረ።

"ሁለት ሰዓት ፈተግኩ አላልሽም?"

"ሁለት ሰዓት ያልከው አንተ ነህ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴም ያው ውሸት ነው። ይቅር በለኝ።"

ባሏ አየት አደረጋት። "እጅሽን ስሜሽ ነበር እኮ።"

"ሁለት ጊዜ።"

"መልሺልኝ።"

ልጁ ሆዱን ይዞ ምንጣፉ ላይ ተዘረረ። "ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም እማዬ! ብረቱን ሸማ አልብሰሽው ነው!"

"ሳቅህን ያዝና ፍታልኝ" አለች፣ እሷም ከንፈሯን ነክሳ።

ክሮቹ ላሉ፣ ብሎኑ ተፈታ፣ ብረቱ ወጣ። ልጁ ልርዳሽ ሲል እጁን ገፋችው። የብርጭቆ ወረቀት ይዛ መስኮቱ ጋ ተቀመጠችና ፈተገች። ከላይ ፈተገች፣ ከሥር ፈተገች፣ ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ጭረቶች በመርፌ ጫፍ አንድ ባንድ አጸዳች። ብርማው ዱቄት ቀሚሷ ላይ ተራገፈ፣ የጣቶቿ ጫፍ ተቃጠለ፣ አላቆመችም። ልጁ የሽቦዋን ጫፍ አጽድቶ ብረቱን መልሶ አሰረ። አባት ክሮቹን እያጠበቀ ቃኛቸው።

"አብራው" አለ።

ምንም የለም።

"አብራው እንጂ ልጄ።"

"በርቷል አባዬ። ቀይዋን መብራት እያት።"

ባሏ ክሮቹ ላይ እጁን እንዳሳረፈ ጆሮውን አዘንብሎ ቆየ። በሩ ተንኳኳ፤ አሥር ሰዓት ሆኗል ማለት ነው።

ጋሽ ደወል ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ገቡ። "ምነው አጥፍታችሁ ጠበቃችሁኝ? አብሩትና ልስማው።"

ባሏ የመጫወቻውን ብረት ክሮቹ ላይ ከታች ወደ ላይ በቀስታ አንሸራተተው። ድምፁ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፣ ተሳበ፣ ተንቀጠቀጠ፤ ሲያልቅም የተወው ዝምታ ብቻ ነበር። ቀጠለበት። ጋሽ ደወል ያገኙት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸው ቀስ ብሎ ወደ ጉልበታቸው ወረደ።

ሲጨርስ ጋሽ ደወል ቀና አሉ። "ኪቦርዱ ነገ ከኋላ ይቀመጣል። መክፈቻውን አንተ ትጫወታለህ። ብቻህን።"

"ብቻዬን?"

"ብቻህን። ለመሆኑ ምን አድርጋችሁ ነው?"

ባሏ ወደ እሷ ዞረ። አላጋለጣትም፤ እሷ ግን ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች።

"ያበላሸሁትም እኔ፣ ያዳንኩትም እኔ ነኝ ጋሼ። እግዜር ጨምሮበት።"

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ባሏ መድረኩ ላይ ለብቻው ተቀመጠ። አምፕሊፋየሩ ተከፍቷል፣ አንድም ነገር አይሰማም። ከዚያ የመጀመሪያው ድምፅ እስከ ኋለኛው ወንበር ሄደ። ሲጨርስ ሰዉ ተነስቶ "ይደገም" አለ፤ ከሁሉም ከፍ ብሎ የተሰማው የጋሽ ደወል ድምፅ ነው።

ባሏም ደገመው።